አስጠኚ ከመቅጠራችሁ በፊት ምሳ ዕቃውን ክፈቱ



የዛሬው ጽሑፍ አንዳንዶቻችሁን ቅር ሊያሰኝ ይችላል። ቢሆንም መባል አለበት፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የሴሚስተር ውጤት በወጣ ቁጥር ክሊኒክ ውስጥ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይበዛል። "ዶክተር፣ ይሄ ልጅ ትምህርት አልገባው አለ፤ አእምሮ የሚያጎለብት ቫይታሚን የለም?" "ክፍል ውስጥ ይተኛል ብለው ከትምህርት ቤት ጠሩኝ።" "አንድ ቦታ አይቀመጥም፣ ይነጫነጫል፣ ከልጆች ጋር ይጣላል።" ወላጅ ይህን ሲናገር ልጁ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ሰነፍ፣ ረባሽ፣ ደደብ ሲባል ይሰማል።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሒሳብና እንግሊዝኛ ውጤቱ አይደለም። "ዛሬ ጠዋት ምን በላ?" እላለሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ "ሻይ በዳቦ" ነው። ወይም ደግሞ "ጠዋት አይበላልኝም፤ ብስኩትና ጁስ ይዞ ነው የሚሄደው" ይባላል።

አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። ለአስጠኚ፣ ለክረምት ትምህርትና ለቫይታሚን ሽሮፕ ገንዘብ እያወጣን ልጁን በባዶ ሆዱ ወይም በስኳር ብቻ ወደ ክፍል መላክ ተገቢ አይደለም። ልጁ ላልሠራው ጥፋት መቅጣት ነው። ሰነፍ ከምንላቸው ልጆች ውስጥ የራባቸው፣ ደማቸው ያነሰ፣ እንቅልፍ ያልጠገቡና ውሃ የጠማቸው አሉ። ይህን ሳናጣራ ቀበቶ ማንሳትም ሆነ አስጠኚ መቅጠር ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው።

ምክንያቴን አንድ በአንድ ላስረዳ።

1. የልጅ አእምሮ ብዙ ይበላል

የሰው አእምሮ ከክብደቱ ጋር የማይመጣጠን ኃይል ይጠቀማል። በልጆች ላይ ደግሞ ይብሳል። 5 ዓመት አካባቢ ያለ ልጅ ሰውነቱ ከሚያስፈልገው ጠቅላላ ኃይል ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚወስደው አእምሮው ነው። ዋናው ማገዶው ግሉኮስ ነው፤ አእምሮ ግሉኮስን እንደ ጡንቻና ጉበት አከማችቶ አያስቀምጥም። በየሰዓቱ በደም በኩል ሊደርሰው ይገባል።

አሁን ሰዓት እንቁጠር። ልጁ ማታ 1 ሰዓት ላይ እራቱን በላ እንበል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሲነሳ 11 ሰዓት ሳይበላ ቆይቷል። ሳይበላ ከወጣና የእረፍት ደወል 4 ሰዓት ላይ ከተደወለ ጾሙ ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል። እኛ ትልልቆቹ ጉበታችን ውስጥ የተሻለ ስንቅ አለን። የልጅ ጉበት ግን ትንሽ ነው፤ ስንቁም ቶሎ ያልቃል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መምህሩ ክፍልፋይ ሲያስተምር የልጁ ሰውነት ሌላ ሥራ ላይ ነው፤ ያለችውን ኃይል እየቆጠበ ነው። ስለዚህ ያዛጋል፣ ጠረጴዛው ላይ ይደፋል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል። እናንተስ ሲርባችሁ አትቆጡም?

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በጃማይካ ገጠር ትምህርት ቤቶች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት አለ። ለአንድ ዓመት ያህል ለተወሰኑት ልጆች በየትምህርት ቀኑ ቁርስ ተሰጣቸው። ለማነጻጸሪያ የተመረጡት ደግሞ የብርቱካን ሩብ ቁራጭ ብቻ ያገኙ ነበር። ቁርስ የበሉት በክብደትም በቁመትም ተሻሉ፤ ከትምህርት ቤት መቅረታቸውም ቀነሰ። ከመካከላቸው ትንንሾቹ በሒሳብ ውጤታቸው ጨመረ። ለውጡ ተአምር የሚባል አልነበረም፤ መጠነኛ ነበር። ግን ማንም አላስጠናቸውም፤ የተለወጠው ቁርሳቸው ነው።

ፊንላንድም ከ1948 ጀምሮ ለተማሪዎቿ በሙሉ ነጻ ምሳ ትሰጣለች። ያኔ ሀብታም አገር አልነበረችም፤ ከጦርነት ገና መውጣቷ ነበር። እኛም ዘንድ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች ቁርስና ምሳ እየበሉ ይማራሉ። ይህን እንደ ምጽዋት የሚያዩ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ምጽዋት አይደለም፤ እንደ መጽሐፉና እንደ ጠመኔው የትምህርቱ አካል ነው።

2. ደም ማነስ፦ የማይታየው ሰነፍ አድራጊ

ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ከሚሆኑት ሕፃናት 57 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ ትምህርት ቤት ናቸው።

ለደም ማነስ ዋነኛ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ የብረት ማዕድን (አይረን) እጥረት ነው። አይረን ደም ውስጥ ኦክስጅን ለመሸከም ብቻ አይደለም የሚያገለግለው። አእምሮ ለትኩረትና ለንቃት የሚጠቀምባቸውን እንደ ዶፓሚን ያሉ ኬሚካሎች ለመሥራትም ያስፈልጋል። የነርቭ መስመሮች የሚለብሱትን ሽፋን ለመሥራትም እንዲሁ። ስለዚህ አይረን ያነሰው ልጅ ደሙ በምርመራ ዝቅ ከማለቱ በፊት እንኳ ፈዘዝ ሊል፣ ትኩረቱ ሊበተንና ሊነጫነጭ ይችላል። በሕፃንነት የደረሰ ከባድ እጥረት ደግሞ በኋላ ቢታከምም እንኳ አሻራው ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። ለዚህ ነው "ሲያድግ ይተወዋል" የሚለውን አባባል የማልወደው።

ምልክቶቹን ቤት ውስጥ ማየት ትችላላችሁ፦

- የውስጠኛው የዓይን ቆብ፣ መዳፍና ከንፈር መገርጣት
- ቶሎ መድከም፤ ኳስ ሲጫወት ከእኩዮቹ ቀድሞ መቀመጥ
- አፈር፣ ጠመኔ፣ ከሰል፣ በረዶ ወይም ያልበሰለ ሩዝ የመብላት አምሮት
- ያለ ምክንያት መነጫነጭና የምግብ ፍላጎት ማጣት

አፈር የሚበላን ልጅ ብዙ ቤት ውስጥ ይገርፉታል። እባካችሁ አትግረፉት፤ ይዛችሁት ወደ ጤና ተቋም ኑ። አፈር መብላት ብዙ ጊዜ የአይረን እጥረት ምልክት ነው። ከአፈሩ ጋር ደግሞ የአንጀት ትላትል እንቁላል ይገባል፤ ትላትሉ በበኩሉ ደሙን ይበልጥ ያሳንሰዋል። ግርፋት ይህን አዙሪት አይሰብረውም።

የወር አበባ የጀመሩ ልጃገረዶችን በተለይ አትርሷቸው። በየወሩ ደም ይወጣቸዋል፣ በዚያው ላይ ያድጋሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ እንዳይወፍሩ ብለው ምግብ ይቀንሳሉ። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጃችሁ ድንገት ውጤቷ ከቀነሰ "ልቧ ሌላ ቦታ ሄዷል" ከማለታችሁ በፊት ደሟን አስመርምሩ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። የአይረን ሽሮፕ ወይም ክኒን ያለ ምርመራ አትጀምሩ። ደም ማነስ ሁሉ ከአይረን እጥረት አይመጣም። ከመጠን ያለፈ አይረን ደግሞ ለሕፃን ልጅ መርዝ ነው፤ ቤት ውስጥ ካለ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ሌላም አለ። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው የደሙ መጠን በተፈጥሮው ከፍ ማለት አለበት። ስለዚህ የላብራቶሪ ወረቀቱን ራሳችሁ አይታችሁ "ኖርማል ነው" ብላችሁ አትሂዱ። ሐኪም ያንብብላችሁ።

3. "ጤፍ እየበላ እንዴት ደም ያንሰዋል?"

ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ እሰማለሁ። ጤፍ አይረን አለው፤ ነገር ግን በምግቡ ውስጥ መኖርና ወደ ደም መግባት ይለያያሉ። በተለይ በአውድማ ከአፈር ጋር የተቀላቀለው አይረን ሰውነታችን በቀላሉ የሚወስደው ዓይነት አይደለም። ከጤፍ፣ ከምስር፣ ከሽሮና ከጎመን የሚገኘው አይረን ረዳት ይፈልጋል፤ ጠላትም አለው።

ረዳቱ ቫይታሚን ሲ ነው፦ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ማንጎ። ምስር ወጥ ከቲማቲም ሰላጣ ጋር ሲበላና ብቻውን ሲበላ አንድ አይደለም። ሊጡን በደንብ ማብካትም ይረዳል። እናቶቻችን ሳይንሱን ሳያውቁት ሠርተውታል።

ጠላቱ ደግሞ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ነው። ሻይ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች አይረንን ይዘው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። አሁን የብዙ ቤት ቁርስን አስቡት፦ ዳቦና ሻይ። ማታ ደግሞ እራት፣ ከእራት በኋላ ሻይ። ልጁ የበላችውን ትንሿን አይረን ሻዩ ይቀማዋል። በዚያ ላይ ሻይና ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ከሰውነት በግማሽ ለመቀነስ ብቻ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ሻይ ወይም ማኪያቶ የጠጣ ልጅ በጊዜ አይተኛም፤ ጠዋት ደግሞ አይነሳም። ከዚያ "ጠዋት አይበላልኝም" ይባላል። እንቅልፉን ሳይጨርስ የተቀሰቀሰ ልጅ እንዴት ይብላ?

ለልጅ ሻይ አትስጡ። መስጠት ካለባችሁ በጣም ቀጭን ይሁን፤ ከምግቡም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቅ።

4. ስኳር ልጅን ያቅበጠብጣል?

እዚህ ላይ የምትጠብቁትን መልስ አልሰጣችሁም። ጤናን በተመለከተ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በየቀኑ "ስኳር ልጃችሁን እያሳበደው ነው" የሚል ቪዲዮ ይለቀቃል። ሐኪም የሆነ ሰው ይህን ማለት የለበትም፤ ማስረጃው አይደግፈውምና። እ.ኤ.አ. በ1995 ብዙ ሙከራዎችን አንድ ላይ የመዘነ ጥናት ስኳር የልጆችን ባሕርይም ሆነ የማሰብ ችሎታ እንደማይለውጥ አሳይቷል።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ አንድ አስገራሚ ሙከራ ታትሟል። ልጆቹ የጠጡት ስኳር የሌለበት ማጣፈጫ ነበር፤ ለግማሾቹ እናቶች ግን "ልጅሽ ስኳር ጠጥቷል" ተባሉ። እነዚያ እናቶች ልጆቻቸውን "ዛሬ በጣም ተቅበጠበጠ" ብለው መዘኑ፤ በልጆቹ ላይም ወቀሳ አበዙ። ልጁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእናት ዓይን ነበር። በልደት ቀን ልጆች የሚዘሉት ልደት ስለሆነ፣ ሙዚቃ ስላለና ጓደኞቻቸው ስለመጡ ነው።

ታዲያ ስኳር ነጻ ወጣ? በጭራሽ። ክሱ ሌላ ነው። የስኳር ወንጀል ቦታ መያዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከምንመገበው ኃይል ውስጥ ከተጨመረ ስኳር የሚገኘው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ከተቻለም ከ5 በመቶ እንዲያንስ ይመክራል። በቀን 1,600 ካሎሪ ለሚበቃው ተማሪ 10 በመቶ ማለት 40 ግራም፣ ወደ 10 የሻይ ማንኪያ ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል አለ። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት የጠዋት ሻይ ሲጨመርበት ኮታው እዚያው ያልቃል። ብስኩቱ ገና አልተቆጠረም።

ልጁ ጠግቧል፤ ግን አይረን የለም፣ ፕሮቲን የለም፣ ዚንክ የለም። ጥርሱም ይበሰብሳል፤ ጥርሱን የሚያመው ልጅ ሌሊት አይተኛም፣ ቀን አይማርም። በስኳርና በነጭ ዱቄት የሞላ ሆድ ደግሞ ቶሎ ይጎድላል፤ እረፍት ሰዓት ሳይደርስ ይርበዋል።

ስለ ቀለም ደግሞ ለብቻው ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት አንዳንድ ሰው ሠራሽ የምግብ ቀለሞች ሶዲየም ቤንዞኤት ከሚባለው ማቆያ ጋር ሲሰጡ በአንዳንድ ልጆች ላይ መቅበጥበጥን በመጠኑ እንደሚጨምሩ አሳይቷል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 ጀምሮ ስድስት ቀለሞች ያሉበት ምርት ሁሉ "የልጆችን እንቅስቃሴና ትኩረት ሊጎዳ ይችላል" የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አስገድዷል። የቀለሞቹ ቁጥር 102፣ 104፣ 110፣ 122፣ 124 እና 129 ነው። ከሱቅ የምትገዙትን ደማቅ ቢጫና ቀይ ከረሜላ፣ ዱቄት ጁስና ጄሊ ጀርባውን ገልብጣችሁ እነዚህን ቁጥሮች ፈልጉ። ውጤቱ በሁሉም ልጅ ላይ አይታይም። ግን ጥቅም የሌለው ነገር ስለሆነ ቢቀር ማንም አይጎዳም።

"ጁስ" የሚለውን ቃልም አትመኑ። የምርቱ ዝርዝር የሚጻፈው ብዙ ካለው ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ስኳር ከተጻፈና ፍሬው መጨረሻ ላይ ከመጣ የገዛችሁት ቀለም የተቀባ ስኳር ውሃ ነው።

5. የምግብ ፍላጎት ሽሮፕ፦ የማልስማማበት ልማድ

"ዶክተር፣ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ ጻፊልኝ።" አልጽፍም። ብዙዎቻችሁ ግን ያለ ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት ትገዙታላችሁ። በዚህ ስም ከሚሸጡት አንዱ ሳይፕሮሄፕታዲን ነው። ይህ የአለርጂ መድኃኒት ነው። የምግብ ፍላጎት መጨመሩ የጎንዮሽ ውጤቱ ነው፤ እንቅልፍ ማምጣቱም እንዲሁ። ክፍል ውስጥ ይተኛል ተብሎ ለተከሰሰ ልጅ የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጥተን ወደ ክፍል እንልከዋለን። ከዚያ እንቀጣዋለን። ይህ እንዴት ትክክል ይሆናል?

ልጅ የማይበላበት ምክንያት አለው። ቀኑን ሙሉ ብስኩት ሲቀማምስ ይውላል፣ ወይም ሻይና ወተት ሆዱን ሞልቶታል፣ ወይም ትላትል አለበት፣ ወይም ደሙ አንሷል፣ ወይም አንጀቱ ደርቆ ሆዱን ያመዋል። ምክንያቱን ፈልጉ። ሽሮፑ ምክንያቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያክመውም። "አእምሮ የሚያጎለብት" ተብለው የሚሸጡትም እጥረት ለሌለበት ልጅ ውጤት አይጨምሩም። በዚያ ገንዘብ የስንት ቀን እንቁላል ይገዛ ነበር?

6. "ልጄ እንጀራ አይወድም"

ይህን ዓረፍተ ነገር በኩራት የሚናገሩ ወላጆች አሉ። እንጀራ አለመብላት የስልጣኔ ምልክት የሆነ ይመስል። ልጆቹም ይህን ይሰማሉ። ከዚያ ምሳ ዕቃው ውስጥ ሽሮ ያለበት ልጅ ሲከፍተው ያፍራል፤ ክዳኑን ግማሽ ገጥሞ በጎን ይበላል፤ ወይም ሳይነካው ይመልሰዋል። ችፕስ የያዘው ደግሞ በጓደኞቹ ይከበባል። አፍረን ያሳፈርናቸው እኛ ነን።

በእውነት እንነጋገር። እንጀራ በሽሮ፣ በምስር ወይም በአተር ክክ ከቲማቲም ጋር ከየትኛውም የታሸገ ምግብ ይሻላል። ፕሮቲን አለው፣ አይረን አለው፣ ሆድ ይይዛል፣ ቶሎ አያስርብም። ቂንጬ፣ ገንፎ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ የተቀቀለ እንቁላል፤ እነዚህ የድሃ ምግብ አይደሉም፣ የተማሪ ምግብ ናቸው።

የጾም ጉዳይም ይነሳል። የጾም ምግብ በራሱ ጉድለት አይደለም፤ ጥራጥሬው፣ ጎመኑ፣ ሱፉና ተልባው ሀብት ነው። የጎደለው ቫይታሚን ቢ12 ነው፤ እሱ ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ነው በበቂ የሚገኘው። ትንንሽ ልጆች እንዲጾሙ ሃይማኖቱም አያስገድድም። ትልልቆቹ በራሳቸው ፍላጎት ሲጾሙ ግን እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ፤ ፈተና ባለበት ሰሞን ደግሞ በተለይ። የሙስሊም ቤተሰቦችም እንዲሁ፤ ለአቅመ አዳምና ሔዋን ያልደረሰ ልጅ ጾም ግዴታው አይደለም።

"አቅም የለኝም" ለምትሉኝ ደግሞ በእውነት እሰማችኋለሁ። የኑሮ ውድነቱን እኔም አየዋለሁ። ሥጋ ግዙ፣ ወተት በየቀኑ አጠጡ አልልም። የምለው ያለውን እናዛውር ነው። የብስኩቱ፣ የችፕሱና የለስላሳው የሳምንት ዋጋ ተደምሮ ስንት እንደሚሆን አንድ ቀን በወረቀት ላይ ጻፉት። ያ ገንዘብ ሽምብራ፣ ሙዝና ጥቂት እንቁላል ሊሆን ይችላል። ምንም ትርፍ የሌለው ቤት ደግሞ አለ፤ እዚያ ጥፋቱ የእናቲቱ አይደለም። እዚያ ትምህርት ቤቱ፣ ቀበሌውና እኛ ጎረቤቶች ነን የምንጠየቀው።

ጨዉንም እዩት። አዮዲን ማነስ በዓለም ላይ መከላከል ከሚቻሉ የአእምሮ ጉዳት መንስኤዎች ቀዳሚው ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ደንብ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል። አዮዲን ያለበትን በፓኬት ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት። ጨው አብዙ ማለቴ ግን አይደለም።

7. ሁሉም ነገር ምግብ አይደለም

እስካሁን ያልኩትን ይዛችሁ ወደ ሌላው ጽንፍ እንዳትሄዱ። ኦቲዝም ወይም የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር (ኤዲኤችዲ) ያለባቸውን ልጆች "ስኳርና ዳቦ ስታቆሙ ይድናል" ብለው ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። አትመኗቸው። ጥሩ ምግብ ለእነዚህም ልጆች ይጠቅማል፤ ነገር ግን መድኃኒታቸው አይደለም። እንዲህ ዓይነቱን ተስፋ የገዛች እናት የምታጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ልጇ በጊዜ ሊታይ የሚገባበትን ዕድሜም ታጣለች።

ልጃችሁ ደህና በልቶ፣ ደህና ተኝቶም ካልተሻሻለ እነዚህን አስመርምሩ፦

- ዓይኑን፤ ሰሌዳው ካልታየው ምን ይጻፍ?
- ጆሮውን፤ በተለይ ጆሮው የሚፈሰውን ልጅ
- ማታ ማንኮራፋትና በአፍ መተንፈስ ካለ ቶንሲሉንና አዴኖይዱን
- ለጥቂት ሰከንድ ፈዝዞ የሚቀር ከሆነ የሚጥል በሽታ እንዳይሆን
- የማንበብ ችግር፣ ጭንቀት፣ በትምህርት ቤት የሚደርስበት ጥቃት ወይም ቤት ውስጥ ያለ ጸብ

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ነው፤ ቶሎ ሲታይ ይቀላል።

8. ትምህርት ቤቱንም ጠይቁ

ወላጅን ብቻ ወቅሼ ብጨርስ ፍትሐዊ አልሆንም። በር ላይ ባለ ሱቅ ከረሜላና ለስላሳ እየተሸጠ፣ ለምሳ የተሰጠው ጊዜ ልጁ እጁን ታጥቦ ቁጭ እስኪል የሚያልቅ ከሆነ ምሳ ዕቃው ሙሉ ሆኖ ቢመለስ አይግረማችሁ። መጸዳጃ ቤቱ ስለሚያስጠላቸው ቀኑን ሙሉ ውሃ የማይጠጡ ልጆች አሉ፤ ሴቶቹ ይበልጥ። ውሃ ያልጠጣ ልጅ ራሱን ያመዋል፣ ትኩረቱ ይቀንሳል፣ አንጀቱ ይደርቃል።

በሚቀጥለው የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ስብሰባ ስለ ክፍያ ጭማሪ ብቻ አትከራከሩ። እነዚህን አራት ነገሮች ጠይቁ፦ የምሳ ሰዓቱ ስንት ደቂቃ ነው? ንጹሕ የመጠጥ ውሃ አለ? መጸዳጃ ቤቱን ገብቶ ያየ ወላጅ አለ? ግቢው ውስጥ ምን ይሸጣል? መልስ እስክታገኙ ድረስ አትነሱ።

ከነገ ጠዋት ጀምሮ

ሁሉንም በአንድ ቀን ለመለወጥ አትሞክሩ፤ አይሳካም። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

- በመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፉን አስተካክሉ። ማታ ሻይና ስልክ ይቅር፤ ልጁ በጊዜ ይተኛና ከወትሮው 20 ደቂቃ ቀድሞ ይነሳ።
- በሁለተኛው ሳምንት ቁርስ። ፍርፍር፣ ቂንጬ፣ እንቁላል በዳቦ ወይም አጥሚት፤ ከሚገኘው አንዱ። ትንሽ ይብላ፤ ግን ሳይበላ አይውጣ።
- በሦስተኛው ሳምንት ምሳ ዕቃ። ሆድ የሚይዝ አንድ ነገር፣ ጥራጥሬ ወይም እንቁላል፣ አንድ ፍራፍሬ ወይም ቲማቲም፣ እንዲሁም በላስቲክ ሳይሆን በጠርሙስ ውሃ። የምሳው ምግብ ጠዋት ይሠራ ወይም በደንብ ይሙቅ። ከ5 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሙሉ ቆሎና ኦቾሎኒ አትስጡ፤ ሊያንቀው ይችላል።
- በአራተኛው ሳምንት፣ የጠቀስኳቸው ምልክቶች ካሉ ወደ ጤና ተቋም ሄዳችሁ የደምና የሰገራ ምርመራ አድርጉ። የትላትል መድኃኒት ትምህርት ቤት ውስጥ ሲሰጥም ልጃችሁን አታስቀሩት።

ከዚያ በኋላ መምህሩን አነጋግሩ። ልጁ አሁንም ካልገባው አስጠኚ ቅጠሩ፤ ያኔ ገንዘባችሁ አይባክንም፤ አስጠኚው የሚያገኘው የነቃ ልጅ ነውና።

እስከዚያው ግን አንድ ነገር ቃል ግቡልኝ። ልጁን ሐኪም ፊትም፣ ዘመድ ፊትም፣ ወንድምና እህቱ ፊትም "ሰነፍ" አትበሉት። ደም ማነስ በመድኃኒት ይድናል፣ ረሃብ በቁርስ ይታገሳል። ያ ቃል ግን አንዴ ልቡ ውስጥ ከገባ የሚያወጣው ሽሮፕ የለንም።

ይህ ጽሑፍ አጠቃላይ ምክር ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ይጠቅመዋል ለምትሉት ወላጅና መምህር ሼር አድርጉት። ልጆቻችንን ይባርክልን።